ድምፅ የሚከለክል መኝታ፦ በደብረ ማርቆስ በአንድ ፔንሲዮን የተሠራ ሥራ የጉዳይ ጥናት

ደብረ ማርቆስ፣ በቀድሞ ስሟ መንቆረር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ ከወጣ በኋላ በደጀን አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው ፔንሲዮን የሚገኘው በዚሁ ጎዳና ዳር፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ሲሆን፣ ባለቤቱ አክስቴ ናቸው። ቤቱ ዘጠኝ ክፍሎች አሉት። አምስቱ ወደ ግቢው፣ አራቱ ደግሞ ወደ መንገዱ ይመለከታሉ። ቅሬታው ሁልጊዜ የሚመጣው ከአራቱ ነበር፤ አንድ ሌሊት አድሮ ሦስት ሌሊት ሊያድር የነበረው እንግዳ በማግሥቱ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፣ ወይም «የጓሮው ክፍል ሲለቀቅ ጥሩኝ» ብሎ ይሄዳል።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር አክስቴ ያስጠሩኝ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ መማሬን አስታውሰው ነው። ጥያቄያቸው አጭርና ግልጽ ነበር፤ ድምፅ የሚከለክል ብርድ ልብስ እንድሠራላቸው ፈለጉ። መስኮት መቀየርም ሆነ ግድግዳ ማፍረስ አቅማቸው አልነበረም፤ አልጋ ልብስ ግን በየጊዜው የሚገዙት ዕቃ ስለሆነ፣ በዚያው ወጪ ሁለት ጥቅም እናግኝ ማለታቸው ነበር። እኔም ጥያቄውን እንዳለ ተቀብዬ ወደ ሥራ ገባሁ፤ ስሕተቴም የጀመረው እዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እንግዶቹን የሚያነቃቸው የትኛው ድምፅ እንደሆነ ሳልጠይቅ ጨርቅ መምረጥ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሙከራ

የመጀመሪያው ሥራ 1.60 በ2.10 ሜትር የሆነ፣ በደጋን የተነደፈ ጥጥ የተሞላ፣ ከመሐሉ አንድ ድርብ ወፍራም የሽመና ጨርቅ የገባበትና በካሬ በካሬ የተሰፋ ከባድ ልብስ ነበር። ክብደቱ 8 ኪሎ ያህል ሆነ፤ ማለትም በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ተኩል ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ሐሳቤ የተመሠረተው ማንኛውም ስለ ድምፅ የተማረ ሰው በሚያውቀው የክብደት ሕግ ላይ ነበር፤ ይህም የአንድ መከለያ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር የሚያግደው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ከፍ ይላል የሚል ነው። ሕጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው አየር ለማያሳልፍ ገጽ ነው። ጥጥና ሽመና አየር ያሳልፋሉ፤ አየር ባለፈበትም ድምፅ ያልፋል።

ልብሱን በመንገዱ በኩል ካሉት ክፍሎች በአንዱ አልጋ ላይ አነጠፍነው። ያደሩበት እንግዶች ሙቀቱን አመሰገኑ፤ ድምፁን በተመለከተ ግን ከበፊቱ የተለየ ነገር አልነበረም። አክስቴ ሦስተኛውን እንግዳ ከሸኙ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ የሚሰማው ጆሯቸው ነው ወይስ ጉልበታቸው?» አሉኝ። በአንድ ጥያቄ የአንድ ወር ሥራዬን አፈረሱት። ብርድ ልብስ የሚሸፍነው ከአንገት በታች ያለውን አካል ነው፤ ጆሮ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ልብሱ 8 ኪሎ ቢሆን 20 ኪሎ፣ ጆሮውን ካልነካው በቀር በእንቅልፉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የሙቀት ለውጥ ብቻ ነው።

በእርግጥ በደጋው አገር ሰው ጆሮውን ውጭ አሳድሮ አያውቅም፤ ጋቢ ተከናንቦ ይተኛል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ከላይ ሲከናነቡት ደግሞ ጭንቅላት ላይ ስምንት ድርብ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰሞን በፔንሲዮኑ ያረፉ አንድ የቅኔ መምህር መንገድ ዳር ባለው ክፍል ሁለት ሌሊት አድረው አንድም ቃል ሳይናገሩ ሲወጡ፣ አክስቴ «የኔታ፣ ድምፁ አልረበሸዎትም?» ብለው ጠየቋቸው። እርሳቸውም በጋቢያቸው መከናነባቸውን፣ መኪናውን እንደሰሙት፣ የአውቶቡስ ረዳቶቹን ጩኸት ግን እንዳልሰሙ መለሱ። ይህች መልስ ለእኔ ከመማሪያ ክፍል ትምህርት ሁሉ በለጠችብኝ፤ ምክንያቱም አንዱን ድምፅ ለሁለት ከፈለችልኝ።

ሁለቱ ድምፆች

ከዚያ በኋላ ሥራውን አቁሜ አንድ ሳምንት መንገድ ዳር ባለው ክፍል ውስጥ ራሴ አደርኩ። የነቃሁበትን ሰዓትና የነቃሁበትን ምክንያት በደብተር እየጻፍኩ አስቀመጥኩ። የስልክ የድምፅ መለኪያም ነበረኝ፤ ነገር ግን የስልክ ማይክሮፎን በተለይ ለወፍራም ድምፅ የማይታመን ስለሆነ የተጠቀምኩበት ትናንትን ከዛሬ ለማነጻጸር ብቻ ነው፤ ቁጥሩን በዚህ ጽሑፍ እንደ ማስረጃ አላቀርብም።

ሌሊቱን የሚረብሹት ሁለት ዓይነት ድምፆች ናቸው። አንደኛው ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ወይም ተሳቢ መኪና ዳገቱን በከባድ ማርሽ ሲወጣ የሚያሰማው ጉርምርምታ ነው። ባለስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 75 ፍንዳታ ያደርጋል፤ ስለዚህ ዋናው ድምፁ 75 ሄርዝ አካባቢ ነው። በደብረ ማርቆስ የሌሊት ብርድ የዚህ ድምፅ አንድ ሞገድ 4 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ጥጥ፣ ሱፍ፣ ስፖንጅና እነዚህን የመሰሉ ነገሮች አንድን ድምፅ በደንብ የሚውጡት ውፍረታቸው፣ ከኋላቸው ካለው ባዶ ቦታ ጋር ተደምሮ፣ የሞገዱን አንድ አራተኛ ሲጠጋ ነው። ለመኪናው ጉርምርምታ ይህ ከ1 ሜትር በላይ ውፍረት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ አልጋ ልብስ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። የየኔታ ጋቢ መኪናውን ያላስቆመበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከመናኸሪያው አካባቢ የሚነሣው ድምፅ ነው፤ ይኸውም «አዲስ አባ! አዲስ አባ!» የሚሉ ረዳቶች፣ የባጃጅ ክላክስ፣ የብረት በር መንኳኳት፣ የሻንጣ መጎተት ናቸው። የሰው ንግግር ለጆሮ ግልጽ የሚሆነው በዋናነት ከ500 እስከ 4,000 ሄርዝ ባለው ክልል ነው። በ2,000 ሄርዝ የሞገዱ ርዝመት 17 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አንድ አራተኛው 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ጥጥ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ሊሰፋው ይችላል።

በደብተሬ ላይ ያለውን ስመለከት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የነቃሁት በመኪናው ሳይሆን በረዳቶቹ ነበር። ሁለት ምክንያት አለው። ከባዱ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ ላይ ያይላል፤ ወደ ንጋት ሲጠጋ እንቅልፍ እየሳሳ ይሄዳል፣ ረዳቶቹም የሚጮኹት ያኔ ነው። በተጨማሪም የተኛ ሰው ጆሮ ከድምፁ ትልቅነት ይልቅ ድንገተኛነቱንና ትርጉሙን ይከታተላል፤ ሰው በስሙ ሲጠሩት ከእንቅልፉ የሚነቃው፣ ከዚያ የበለጠ ድምፅ ግን ሳይሰማው የሚያልፈው ለዚህ ነው። ይህን በኋላ ሐምሌ ላይ በግልጽ አየነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሌሊቱን ሙሉ ሲደበድበው እንግዶቹ ሁሉ፣ በመንገዱ በኩል ያሉትም ጭምር፣ ተኝተው ያድሩ ነበር። ድምፁ ከመኪናው ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ነገር ግን አንድ ወጥ ስለሆነ ሌላውን ድምፅ ይሸፍነዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ክፍል ሁለት የተለያዩ ወሰኖችን የሰጠው ይህን ልዩነት አስቦ ነው፤ ለማያቋርጥ ድምፅ በአማካይ 30 ዴሲቤል፣ ለአንድ ድንገተኛ ድምፅ ደግሞ ቢበዛ 45 ዴሲቤል። በአገራችን የአካባቢ ደረጃ መሠረት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በመኖሪያ አካባቢ 45፣ በንግድ አካባቢ 55 ዴሲቤል እንዳይታለፍ ተወስኗል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ድምፅን ከብክለት ይቆጥረዋል። ይህን ለአክስቴ ሳነብላቸው በጥሞና ሰምተው «ለረዳቶቹ ማን ያንብብላቸው?» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ትራሱና መሸፈኛው

ሁለተኛው ንድፍ ከብርድ ልብስ ወጥቶ ወደ ትራስ ገባ። ሰው በጎኑ ሲተኛ የታችኛው ጆሮው በትራሱ ተዘግቷል፤ ድምፅ የሚገባው በላይኛው ጆሮ ነው። የሁለቱ ጆሮዎች ሥራ ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱን ብቻ መዝጋት የሚሰማውን ድምፅ ጥቂት ብቻ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ጥያቄው ላይኛውን ጆሮ ሳያፍን፣ ትንፋሽ ሳይከለክል፣ ሰውየው ሲገላበጥም ሳይወድቅ የሚሸፍነው ምንድን ነው ወደሚል ጠበበ።

በመካከሉ አንድ ክንብንብ ሞክረን ነበር፤ ከትራሱ ጋር የተሰፋ፣ ጭንቅላትን ከፊት ጭምር የሚሸፍን ቆብ መሰል ነገር። ራሴ ሁለት ሌሊት አደርኩበት። በውስጡ ትንፋሽ ይታመቃል፣ ጨርቁ ይረጥባል፣ ጠዋት ራስ ያማል። ያንን ወዲያውኑ ተውነው፤ ፊት የሚሸፍን መኝታ ምንም ያህል ድምፅ ቢቀንስ መሠራት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

የጸናው ንድፍ እንዲህ ነው። ትራሱ ግራና ቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ክንፎች አሉት፤ ጭንቅላት በመሐል ገባ ሲል ክንፎቹ ከጆሮ ጀርባ ከፍ ብለው ይቆማሉ። በእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ ላይ 25 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልሳን ተሰፍቷል፤ ተኝቶ ያለው ሰው የሚፈልገውን ልሳን ስቦ ጆሮው ላይ ይጥለዋል። የልሳኑ ጆሮ የሚነካው ገጽ በስስ የነጠላ ጨርቅ የተሸፈነ ጥጥ ሲሆን፣ የውጭው ንጣፍ ግን ክብደት እንዲኖረውና አየር እንዳያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ለዚያ ክብደት የሚሆን ነገር ፍለጋ ብዙ ተደክሟል። አክስቴ የጎመን ዘር አመጡ፤ ለስላሳና ከባድ፣ ጆሮ ላይ ሲያርፍ ቅርጹን ተከትሎ የሚፈስ ነበር፤ እኔም በጣም ወድጄው ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን አይጥ አንዱን ልሳን ቀዳ ዘሩን ፍራሹ ላይ በተነችው። ከዚያ በኋላ ከወንዝ የመጣ አሸዋ አጥበንና አድርቀን፣ በወንፊት ነፍተን፣ በድርብ ጠንካራ ከረጢት በትናንሽ ክፍል ሰፋነው። 5 ሚሊ ሜትር የአሸዋ ንጣፍ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በአንድ ልሳን ላይ ግን 400 ግራም ብቻ ነው፤ ለአዋቂ ሰው ጉንጭ አይከብድም። በስሌት እንዲህ ያለ ንጣፍ በ1,000 ሄርዝ 30 ዴሲቤል አካባቢ ማገድ ነበረበት። በተግባር ግን ከዚያ ብዙ ያንሳል፤ ልሳኑ ከመንጋጋና ከፀጉር ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ አየር ይገባልና። ከአንድ መከለያ ስፋት ውስጥ ከመቶ አንድ እጁ ብቻ ክፍት ቢሆን፣ ቀሪው ድንጋይ ቢሆን እንኳ፣ ከ20 ዴሲቤል በላይ ማገድ አይቻልም። በመሆኑም ጠርዙን በጥጥ ማለስለስ አሸዋውን ከመጨመር የበለጠ ጠቀመን።

የጨርቁ ምርጫም የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ የገዛሁት ትኋን እንዳይገባ ተብሎ የሚሸጥ ላስቲክ መሳይ የትራስ ልብስ ነበር፤ ጥጡን ሲሸፍነው ቀጭኑ ድምፅ በላዩ ላይ እየነጠረ ተመለሰ፣ ጥጡም ሥራ ፈታ። ልብስ ሰፊዎች ሊያስታውሱት የሚችሉት ቀላል ፈተና አለ፤ ጨርቁን አፍ ላይ አድርጎ መተንፈስ ነው። ትንፋሽ ካለፈበት ድምፅ ወደ ጥጡ ይገባል፤ ካላለፈበት ለውጩ ንጣፍ እንጂ ለውስጡ አይሆንም። ትኋኑን በተመለከተ መፍትሔው የቆየው መፍትሔ ሆነ፤ የላዩ ልብስ በዚፕ ወልቆ ይታጠባል፣ ውስጡ በየሳምንቱ ፀሐይ ይመታል። በክረምት ይህ አስቸጋሪ ነው፤ የተነደፈ ጥጥ እርጥበት ስቦ ይጓጉላል፣ ነሐሴ ላይ ሁለቱን ትራሶች ፈትተን እንደገና ማስነደፍ ግድ ሆኖብናል። በፋብሪካ ፋይበር ቢሞላ መታጠቡ ይቀል ነበር፤ ክብደቱና ጥግግቱ ግን ከጥጥ ያንሳል።

ከአልጋው ውጭ የቀረው ሥራ

ትራሱ ከረዳቶቹ ጩኸት ጋር በተያያዘ በግልጽ ሠራ፤ ለመኪናው ግን አሁንም መልስ አልነበረውም። እዚህ ላይ ከተጠየቅሁት ነገር ትንሽ መውጣት ነበረብኝ።

ክፍሉ ባዶ ነው፤ ሲሚንቶ ወለል፣ የተለሰነ ግድግዳ፣ አንድ ፍራሽ። የገባ ድምፅ እየነጠረ ይቆያል። በክፍሉ ውስጥ ድምፅ የሚውጠው ነገር በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ መጠን በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ክፍሉ ባዶ ከሆነ ደግሞ እጥፍ ማድረግ ቀላል ነው። ያ ከንቱ የቀረ 8 ኪሎ ልብስ ሥራ ያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ለሁለት ቆርጠን በአልጋው ራስጌና በመስኮቱ በኩል ባለው ጎን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አርቀን ሰቀልነው። ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ጥጥ የሚውጠው ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው፤ 5 ሴንቲ ሜትር ጥጥ ከ10 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ጋር ሲሆን ግን እስከ 600 ሄርዝ አካባቢ ወርዶ ይሠራል፣ ባዶው ቦታም ገንዘብ አይጠይቅም።

ወፍራሙ ድምፅ የሚገባው በመስኮቱና በጣሪያው ነው። የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ በካሬ ሜትር ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት 10 ኪሎ፤ 0.3 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ ደግሞ 2 ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ሰው ስለ መስኮቱ ሲጨነቅ በላዩ ያለው ጣሪያ ከመስኮቱ አራት እጥፍ የቀለለ መሆኑን ይረሳል። ጣሪያውን መንካት አልቻልንም። የብረት መስኮቱ ፍሬም ግን በሁሉም በኩል ጣት የሚያስገባ ባይሆንም ብርሃን የሚያሳይ ክፍተት ነበረው፤ ከመኪና ጎማ ውስጥ የሚወጣውን ቀጭን ላስቲክ በስሱ ቆርጠን ዙሪያውን ለጠፍንበት። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ አነስተኛው ወጪ ይህ ነበር፤ በደብተሬ ላይ ያለው ልዩነት ግን ከሁሉም ይልቃል። አልጋውንም ከመንገዱ ግድግዳ አንሥተን ወደ በሩ በኩል ወሰድነው።

መኪናው ከዚያ በኋላም ይሰማ ነበር። አሁንም ይሰማል።

የተከሰቱ ችግሮችና የባለቤቷ ውሳኔ

በግንቦት ወር አንድ እንግዳ በሁለቱም በኩል ልሳን ጥለው ተኝተው የ11 ሰዓቱ አውቶቡስ አመለጣቸው። ስልካቸው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ጮኾ ጮኾ ዝም ብሏል። ያን ቀን አክስቴ የእንግዳውን ገንዘብ መልሰው፣ ቁርስ አብልተው፣ በሌላ መኪና አሳፈሯቸው፤ እኔን ደግሞ ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። መፍትሔው ሁለት ነበር። ስልክ ትራስ ሥር ከሆነ ንዝረቱ በአጥንት በኩል ስለሚሰማ ልሳኑ አያግደውም፤ ይህን በየክፍሉ በወረቀት ጽፈን ለጠፍን። ዘበኛውም በየምሽቱ ማን በስንት ሰዓት እንደሚነሣ እየጠየቀ በኖራ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ በሰዓቱም በሩን ያንኳኳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሕፃን ይዘው የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ክብደት ያለውና ለስላሳ የሆነ ማንኛውም ነገር ሕፃን በሚተኛበት አልጋ ላይ መኖር የለበትም፤ ሕፃኑ ፊቱን ሊያላቅቅ አይችልምና። እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ ትራሱ ከክፍሉ ይወጣል። ይህን አክስቴ ራሳቸው ይፈጽሙታል፤ ለሠራተኛ አይተዉትም።

በነሐሴ መጨረሻ ከአራቱ ክፍሎች ሁለቱ ሙሉውን ሥራ፣ ማለትም ትራሱን፣ የተሰቀለውን ልብስና የመስኮቱን ላስቲክ አግኝተዋል። ሌሎቹ ሁለቱ ላስቲኩን ብቻ። አክስቴ ለሁለቱ ትራስ ከማሠራት ይልቅ ለከባድ መኪና ሹፌሮች በረከሰ ዋጋ መስጠትን መረጡ። ሹፌሮቹ ዕቃቸውን አስቀምጠው መኪናቸውን ከመስኮቱ ሥር ያቆማሉ፤ ሌሊቱን በየመሐሉ ብድግ ብለው የሚመለከቱት ጭነታቸውን ነው፣ ስለ ድምፁም አንድ ቀን ቅሬታ አቅርበው አያውቁም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሞተር የሚያስነሡትም እነርሱው ናቸው፤ በዚህ ምክንያት አክስቴ አሁን መኪናቸውን ሙሉውን ሥራ ካገኙት ከሁለቱ ክፍሎች መስኮት አልፈው እንዲያቆሙ በሩ ላይ ነጭ ቀለም አስቀብተውላቸዋል።